ፎቶው አልሄድ ሲል በየት በኩል እንላከው?

ባለፈው ወር አንድ ኮፒ ቤት ውስጥ ስልኬ ላይ እንዳፈጠጥኩ ሃያ አምስት ደቂቃ አለፈ። ደሴ ያለው ታናሽ ወንድሜ የእናታችንን የሕክምና ወረቀት ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ልኮልኝ ነበር። አሳትሜ ወደሚፈለግበት ቢሮ ይዤ ሄድኩ። ጸሐፊዋ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው፣ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ አየችውና መለሰችልኝ። «ማህተሙ አይነበብም።» እውነቷን ነው። ክቡ ማህተም ሰማያዊ ጭጋግ መስሏል።

ወደ ኮፒ ቤቱ ተመልሼ ለወንድሜ ደወልኩ። «በፎቶ አይሆንም፣ በፋይል ላከው።» እሺ አለ። ከስሙ ሥር «ፋይል እየላከ ነው» የምትለዋ ጽሑፍ ብቅ አለች፤ ጠፋች፤ ደግሞ ብቅ አለች። እነሱ ሰፈር መብራት ሄዷል። መብራት ሲሄድ ኔትወርኩም አብሮ ይደክማል። ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠችው ልጅ የመጀመሪያውን ፎቶ ስክሪኗ ላይ አየችና ሳቀች። «ጋሼ፣ ጠረጴዛውን ለምን ይልካል? ወረቀቱን ብቻ ቆርጦ ይላክ።» እውነትም የፎቶው ግማሽ አበባ ያለበት የጠረጴዛ ልብስና አንድ የቡና ስኒ ነበር። ቆረጠው። በፋይል ላከው። ሦስት ደቂቃ አልፈጀም። በማህተሙ ዙሪያ ያለው ጽሑፍ ቁልጭ ብሎ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ «ፎቶ አልሄድ አለኝ» የሚለኝን ሰው አስቀድሜ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ፎቶው እዚያ ደርሶ ምን ሊሆን ነው? አያት የልጅ ልጇን አይታ ስክሪኑን ልትስመው ከሆነ የለመዳችሁት መንገድ ይበቃል። ሊታተም ከሆነ ሌላ መንገድ አለ። ሦስት መቶ የሰርግ ፎቶ ከሆነ ደግሞ ሁለቱም አያዋጡም። ብዙ ሰው ግን አንዱን የለመደውን መንገድ ይዞ ደጋግሞ ይጫናል። እምቢ ሲለው ስልኩን ያጠፋል፣ ያበራል፣ ሲሙን አውጥቶ በሸሚዙ ጫፍ ይወለውላል። ይህ ሲም የመወልወል ልማድ መቼ እንደሚለቀን እንጃ።

መንገድ ከመቀየራችሁ በፊት

መጀመሪያ ፎቶው የት እንደቆመ እንወቅ። ለዚያው ሰው «እ» ብላችሁ ጻፉለት። ጽሑፉ ሄዶ ፎቶው ከቀረ መስመሩ አለ፣ ግን ቀጭን ነው። አንድ ፊደል ጥቂት ባይት ብቻ ናት። በስልክ የተነሳ ፎቶ ግን ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ሜጋባይት ይመዝናል። ጽሑፉም ካልሄደ ፎቶውን አትክሰሱት። ዳታው፣ ፓኬጁ ወይም ኔትወርኩ ነው።

ቴሌግራም ላይ ከዚህ የተሻለ መፈተሻ አለ። ፎቶውን ለራሳችሁ፣ «ሴቭድ ሜሴጅስ» ወደሚለው ቦታ ላኩት። እዚያ ከገባ ከእጃችሁ ወጥቷል። ከዚያ ወደምትፈልጉት ሰው ፎርዋርድ አድርጉት። ፎቶው ሰርቨሩ ላይ ስለተቀመጠ ከእናንተ ስልክ እንደ አዲስ አይጫንም። ለአሥር ሰው የሚላክ የመርዶ ወይም የሰርግ ጥሪ ካላችሁ ይህቺን ዘዴ ያዙ፤ ዳታችሁን ታተርፋለች።

ራይቶቹንም በደንብ እናንብብ። ዋትስአፕ ላይ ትንሽዬ የሰዓት ምልክት ካያችሁ ፎቶው ከስልካችሁ አልወጣም። አንድ ራይት ሲሆን ወጥቷል፣ ሁለት ራይት ሲሆን ሰውየው ስልክ ላይ ደርሷል፣ ሰማያዊ ሲሆን ታይቷል። ቴሌግራም እንዲህ አይቆጥርም። እዚያ አንድ ራይት ሰርቨሩ ጋ ደርሷል፣ ሁለት ራይት ተነቧል ማለት ነው። በዚህች ልዩነት ስንት ሰው ተኳርፏል! ዋትስአፕ የለመደች እጮኛ ቴሌግራም ላይ አንድ ራይት አይታ «ስልክህን ዘግተህ የት ነበርክ?» ብላ ታፋጥጣለች።

አሁን ብዙዎቻችን ሁለት ሲም ይዘናል። አንዱ ኢትዮ ቴሌኮም፣ አንዱ ሳፋሪኮም። ፓኬጁ የተገዛው በአንዱ፣ ዳታው የበራው በሌላው ሆኖ ሲገኝ በዓይኔ አይቻለሁ። ሴቲንግ ገብታችሁ የሞባይል ዳታው የትኛው ሲም ላይ እንደሆነ እዩ። በኢትዮ ቴሌኮም መስመር *804# ብትሉ ቀሪ ሂሳባችሁን ይነግራችኋል። ይህን ከማየታችሁ በፊት ሌላ ነገር አትነካኩ።

«ቲክቶክ እያየሁ እኮ ነው፣ ኔትወርክማ አለ» የሚል ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም። ቪዲዮ ማየት ማውረድ ነው፣ ፎቶ መላክ መጫን ነው። የሞባይል ኔትወርክ ላይ መጫን ከማውረድ ይዘገያል። ስልኩ ሲግናሉን ከሩቅ ካለ ማማ ሲቀበል ምንም ላይቸግረው ይችላል። በራሱ ትንሽ ባትሪ ወደ ማማው መልሶ መጮህ ግን ሌላ ጣጣ ነው። ስለዚህ ቪዲዮ እየታየ ፎቶ አለመሄዱ ምንም አይገርምም። ወደ መስኮት ጠጋ በሉ ወይም ወደ ሰገነት ውጡ። ኤሮፕሌን ሞድ አብርቶ ማጥፋትም ስልኩ ማማውን እንደ አዲስ እንዲፈልግ ያደርገዋል። እሱ ከሲም መወልወል ይሻላል።

ቪፒኤን ሳታጠፉ ቀርታችሁም ይሆናል። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ተገድበው አምስት ወር ገደማ ሲቆዩ አገሩ ሁሉ ቪፒኤን ጫነ። ገደቡ ተነሳ፣ ቪፒኤኑ ግን እስካሁን ብዙ ስልክ ላይ ተኝቷል። አንዳንዱ ራሱ ይነሳል። ነፃ የሆኑት ደግሞ ቀርፋፋ ናቸው። እዚህ አዲስ አበባ ጎረቤታችሁ ለሆነ ሰው የምትልኩት ፎቶ ባሕር ማዶ ካለ ሌላ ሰርቨር ዞሮ ይመጣል። አጥፉትና ሞክሩ።

ባትሪ ቆጣቢና ዳታ ቆጣቢም ያስቸግራሉ። «ላክ» ብላችሁ ከመተግበሪያው ስትወጡ ስልኩ መጫኑን ያቋርጠዋል። ከባድ ፎቶ ስትልኩ እስኪያልቅ እዚያው ገጽ ላይ ቆዩ። የስልኩ ቀን ከተዛባ ዋትስአፕ ጨርሶ አይገናኝም። ሜሞሪ ከሞላ ደግሞ የሚልክም የሚቀበልም ይቸገራል።

የመጨረሻዋ ምክንያት ብዙ ሰው የማይጠረጥራት ናት። ፎቶው ስልካችሁ ላይ ይታያል፣ ግን እዚያ የለም። ጉግል ፎቶስ ላይ «ቦታ አስለቅቅ» ካላችሁ፣ ወይም አይፎን ላይ የስልኩን ስቶሬጅ የሚቆጥበው አማራጭ ከበራ ዋናው ፎቶ ኢንተርኔት ላይ ተቀምጦ ስልኩ ላይ የሚቀረው ትንሽ ቅጂው ነው። የአምና ፎቶ መርጣችሁ «ላክ» ስትሉ ስልኩ መጀመሪያ ያወርደዋል፣ ከዚያ ይጭነዋል። ዳታችሁ ሁለቴ ይበላል። የዛሬው ፎቶ ቶሎ እየሄደ የአምናው የሚንቀራፈፍ ከሆነ እዚህ ላይ ጠርጥሩ። ፎቶውን ከፍታችሁ ጥርት እስኪል ጠብቁት፣ ከዚያ ላኩት።

ቴሌግራም፦ በፎቶ ወይስ በፋይል?

አገር ቤት ላለ ሰው ዋናው ምርጫ ይኸው ነው። ኮፒ ቤቱም፣ ልብስ ሻጯም፣ የልጆቹ ትምህርት ቤትም ቴሌግራም ላይ ናቸው።

በፎቶ ስትልኩ ቴሌግራም በተለመደው አላላክ ፎቶውን አሳንሶ ረጅሙን ጎን 1280 ፒክስል ያደርገዋል፤ ፒክስል ማለት ፎቶው የሚሠራባት ትንሿ ነጥብ ናት። 12 ሜጋፒክስል ካሜራ የሚያነሳው ፎቶ በግምት 4000 በ3000 ፒክስል ነው። ሲላክ 1280 በ960 ይሆናል። ከፒክስሉ ከአሥር እጅ አንዱ ገደማ ብቻ ተረፈ ማለት ነው። በስልክ ስክሪን ለሚያየው ሰው ልዩነቱ አይታወቅም። ክብደቱ ግን ወደ ጥቂት መቶ ኪሎባይት ይወርዳል። በደካማ ኔትወርክ ላይ የሚያልፈውም ለዚህ ነው። ለሰላምታ፣ ለልጅ ፎቶ፣ «ይህን ቀለም ልግዛልሽ ወይ?» ለሚል ጥያቄ ከዚህ የተሻለ የለም።

ወረቀት ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። ማተሚያ ቤቶች ጥሩ የሚሉት ጥራት በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ነው። ኤፎር ወረቀት በዚህ ሲለካ 2480 በ3508 ፒክስል ይሆናል። በ1280 ሲመጣ በአንድ ኢንች 110 ነጥብ እንኳ አይሞላም። ትልልቁ ጽሑፍ ይነበባል፣ የማህተሙ ዙሪያና የደብዳቤ ቁጥሩ ግን ይጠፋል። የእኔም ወረቀት የተመለሰው በዚህ ነው። ከዚያ ላይ ግማሹ ፒክስል ለጠረጴዛ ልብሱ ሄዷል።

በፋይል ስትልኩ ፎቶው እንዳለ ይሄዳል፣ አንድ ፒክስል አይነካም። አንድሮይድ ላይ የማያያዣውን ምልክት ንኩ፣ «ፋይል» በሉ፣ ከዚያ «ጋለሪ» የሚለውን ምረጡ። አይፎን ላይ ፎቶውን ከመረጣችሁ በኋላ ሦስቱን ነጥቦች ስትነኩ በፋይል የመላክ አማራጭ ይመጣል። አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ይፈቀዳል፤ ለፎቶ ከበቂ በላይ ነው። ዋጋው ክብደቱ ነው። ያ 5 ሜጋባይት ሙሉውን ይጫናል። ኔትወርኩ ከተንገዳገደ ይቆማል።

መካከለኛው መንገድ የኮፒ ቤቷ ልጅ መንገድ ነው። መጀመሪያ ቆርጡ፣ ከዚያ በፋይል ላኩ። ወረቀቱን ስታነሱም ብርሃን ባለበት፣ ከላይ ቀጥ ብላችሁ፣ ጥላችሁ ሳያርፍበት አንሱት። ኔትወርኩ ፋይል ጨርሶ እምቢ ካለ ወረቀቱን ሁለት ቦታ ከፍላችሁ፣ የላይኛውን ግማሽ ለብቻ፣ የታችኛውን ለብቻ፣ በተራ ፎቶ ላኩት። እያንዳንዱ ግማሽ የራሱን 1280 ፒክስል ያገኛል። ለማተም አይመችም፣ ለማንበብ ግን ይበቃል።

ዋትስአፕ

ዋትስአፕም ፎቶን ያሳንሳል። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2023 ጀምሮ ግን ከመላካችሁ በፊት ከላይ የምትታይ «ኤችዲ» የምትል ምልክት አለች። እሷን ስትነኩ ፎቶው ከተለመደው በጣም ጠርቶ ይሄዳል፣ ክብደቱም ይጨምራል። ሳይነካ እንዲሄድ ከፈለጋችሁ «ዶክመንት» በሚለው በኩል ላኩት። እዚህም ገደቡ 2 ጊጋባይት ነው።

ከቴሌግራም የሚለይበት ትልቁ ነገር አቀማመጡ ነው። ቴሌግራም ፎቶውን ሰርቨሩ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ስልካችሁ ቢጠፋ በአዲስ ስልክ ስትገቡ ታገኙታላችሁ። ዋትስአፕ ያልደረሰ መልእክት የሚያቆየው እስከ 30 ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ፎቶው የሚኖረው በሁለታችሁ ስልክ ላይ ብቻ ነው። የቆየ ፎቶ ለማውረድ ስትሞክሩ «ላኪው እንደገና እንዲልክላችሁ ጠይቁት» የሚለው ለዚህ ነው። በሌላ በኩል የዋትስአፕ መልእክት ከጫፍ እስከ ጫፍ የተቆለፈ ነው፤ ከላኪና ከተቀባይ በቀር የሚያየው የለም። የቴሌግራም ተራ ቻት እንዲህ አይደለም፤ «ሲክሬት ቻት» ካልከፈታችሁ በቀር። ለፓስፖርትና ለመታወቂያ ፎቶ እኔ ዋትስአፕን እመርጣለሁ። ለቤተሰብ ትዝታ ቴሌግራምን።

እስራኤል ያሉ ዘመዶቻችን ውለው የሚያድሩት ዋትስአፕ ላይ ነው። ገልፍ ያሉት ደግሞ ብዙዎቹ ኢሞ ይወዳሉ። ኤምሬትስ ውስጥ የዋትስአፕ ጥሪ ይዘጋል፣ ጽሑፍና ፎቶ ግን ያልፋል። ስለዚህ ዱባይ ያለች እህታችሁ «ዋትስአፕ እዚህ አይሠራም» ብትላችሁ ጥሪውን ማለቷ ነው። ፎቶውን ላኩላት።

አሜሪካ ያለው ዘመድና አረንጓዴው መልእክት

እህቴ ሜሪላንድ ናት። ስትወልድ የልጇን ፎቶ ላከችልኝ። እኔ ጋ የደረሰ ነገር የለም። «ላኩልህ እኮ፣ ምነው ዝም አልክ?» አለችኝ፣ ከፋት። በኋላ የስልኳን ገጽ በስክሪንሻት ላከችልኝ፤ አረንጓዴ ሳጥን፣ ከጎኑ ቀይ ቃለ አጋኖ። ላከችው እንጂ አልሄደም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አይፎን ላይ ካለው «ሜሴጅስ» ሁለት ዓይነት መልእክት ይወጣል። ሰማያዊው አይሜሴጅ ነው፤ ከአይፎን ወደ አይፎን በኢንተርኔት ይሄዳል። አረንጓዴው ተራ የስልክ መልእክት ነው። አረንጓዴ ሆኖ ፎቶ ሲይዝ አብዛኛውን ጊዜ ኤምኤምኤስ የሚባለው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ገደማ ለገበያ የቀረበ አሮጌ መንገድ። እኔ የያዝኩት አንድሮይድ ስለሆነ የእሷ ፎቶ በዚያ ሄደ። ኤምኤምኤስ ከአንድ አገር ኩባንያ ወደ ሌላ አገር ኩባንያ ለመሻገር ሁለቱ መገናኘት አለባቸው። ወደ ኢትዮጵያ ቁጥር ሲላክ ብዙ ጊዜ አይደርስም። አይፎን ለያዘ ዘመድ ቢሆንም ያው ሊገጥም ይችላል። እሱ ዳታውን አጥፍቶ ከቆየ ሰማያዊው ወደ አረንጓዴ ይዞርና እዚያው ይቀራል።

ፍርዴ አጭር ነው። ከአሜሪካ ወደ አገር ቤት ፎቶ በተራ መልእክት አትላኩ። ለመጠገንም አትድከሙ።

አሜሪካ ውስጥ ለምትኖሩት ግን ኤምኤምኤስ አይቀርላችሁም። የቤት አከራዩ «የሚያፈሰውን ቧንቧ ፎቶ ላኪልኝ» ሲል ቴሌግራም ይኑረው አይኑረው አይጠየቅም። ስለዚህ ለምን እንደሚቆም ማወቅ ያዋጣል። ዋነኛው ምክንያት የሞባይል ዳታ መጥፋት ነው። ቤት ዋይፋይ አለ ብለው ዳታቸውን የሚያጠፉ ብዙ ናቸው። ኤምኤምኤስ ግን የሚያልፈው በስልክ ኩባንያው በራሱ የዳታ መስመር ነው። ዋይፋይ ሙሉ ሆኖ ኤምኤምኤስ ሊቆም ይችላል። ዳታውን አብሩና እንደገና ሞክሩ። አይፎን ላይ በሜሴጅስ ሴቲንግ ውስጥ የኤምኤምኤስ ማብሪያም አለ፤ ጠፍቶ እንዳይሆን እዩት።

ዳታው በርቶ፣ ኢንተርኔቱ እየሠራ፣ ፎቶ ብቻ ካልሄደ ኤፒኤን የሚባለውን ጠርጥሩ። ስልኩ የኩባንያውን ኤምኤምኤስ ማዕከል አድራሻ የሚያገኘው ከእዚህ ነው። ስልኩን ሌላ ቦታ ገዝታችሁ ርካሽ ሲም ከከተታችሁበት አድራሻው ባዶ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ኩባንያው ትክክለኛውን አጻጻፍ ገጹ ላይ ያወጣዋል። እሱን ፊደል በፊደል መገልበጥ ነው፤ አንዲት ነጥብ ብትጎድል አይሠራም።

ክብደትም አለ። ኤምኤምኤስ የሚፈቅደው እንደ ኩባንያው ከጥቂት መቶ ኪሎባይት እስከ ጥቂት ሜጋባይት ነው። ስልኩ ፎቶውን እዚያ ውስጥ ለማስገባት ይጨምቀዋል። አምስት ፎቶ በአንድ መልእክት ስታጭቁ ይብሳል። አንድ በአንድ ላኩ። ከዚህ ሁሉ የሚያሳርፈው አርሲኤስ የሚባለው አዲሱ መንገድ ነው። አንድሮይድ ላይ በጉግል ሜሴጅስ ሲሠራ ቆይቷል። አፕል እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 በአይኦኤስ 18 አስገባው። ኩባንያችሁ ከደገፈው በዋይፋይም ይሄዳል፣ ፎቶውም አይደበዝዝም። ሳጥኑ አረንጓዴ እንደሆነ ይቀራል፣ ቀለሙ አያሳስባችሁ።

ጎን ለጎን ተቀምጠን

አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ፎቶ በኢንተርኔት የሚላላኩ ሰዎችን ሳይ ዳታቸው ያሳዝነኛል። አይፎን ለአይፎን ኤርድሮፕ አለ። አንድሮይድ ለአንድሮይድ ኩዊክ ሼር አለ፤ ቀድሞ ኒርባይ ሼር ይባል የነበረው እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ከሳምሰንጉ ጋር ተዋህዶ ነው። ሁለቱም በብሉቱዝ ይፈላለጉና በዋይፋይ ሞገድ ይላላካሉ። ፓኬጅ አይነኩም፣ ጥራት አይቀንሱም። የተቀባዩ ስልክ ካልታያችሁ ብዙ ጊዜ እሱ «ከኮንታክት ብቻ» ብሎት ነው። «ለሁሉም» ያድርገው፣ ሲጨርስ ይመልሰው።

ብሉቱዝ ብቻውን ሲሆን ቀርፋፋ ነው። አንድ 4 ሜጋባይት ፎቶ ግማሽ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ለአሮጌ አንድሮይድ ግን አሁንም ያገለግላል። ከአይፎን ወደ አንድሮይድ በብሉቱዝ ፎቶ አይሄድም፣ አትልፉ። ዜንደርና ሼርኢት በአንድ ወቅት የሁላችንም ነበሩ። አሁን ማስታወቂያቸው ከፎቶው ይበዛል። ህንድ እ.ኤ.አ. በ2020 ካገደቻቸው 59 የቻይና መተግበሪያዎች ውስጥም ሁለቱም ነበሩ። እኔ አጥፍቻቸዋለሁ።

ሦስት መቶ ፎቶ ሲሆን

የሰርግ ፎቶ ሦስት መቶ፣ እያንዳንዱ 4 ሜጋባይት ቢሆን 1.2 ጊጋባይት ነው። ይህን በሞባይል ፓኬጅ መጫን ብርን መበተን ነው። ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሂዱና ጉግል ፎቶስ ላይ አልበም ሠርታችሁ ሊንኩን ላኩ። ተቀባዩ የወደደውን ብቻ ያወርዳል። ነፃው ቦታ 15 ጊጋባይት ነው፤ ከጂሜይላችሁና ከድራይቫችሁ ጋር በጋራ። ኢሜይል ለዚህ አይሆንም፣ ጂሜይል ከ25 ሜጋባይት በላይ አያያይዝም። ፎቶ አንሺው እዚሁ ከተማ ከሆነ ግን ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ሻይ እየጠጣችሁ ይገለበጥላችኋል።

ከመላካችሁ በፊት ሁለት ነገር

አይፎን ይዛችሁ ፎቶው ሄዶ «አልከፈት አለኝ» ከተባላችሁ ፎርማቱ ነው። አይፎን እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ፎቶ የሚያስቀምጠው ሄይክ በሚባል ፎርማት ነው። ቦታ ይቆጥባል፣ የድሮ ኮምፒውተር ግን አያውቀውም። በካሜራ ሴቲንግ ውስጥ «ፎርማትስ» ገብታችሁ «ሞስት ኮምፓቲብል» የሚለውን ስትመርጡ ከዚያ በኋላ የምታነሱት ጄፔግ ይሆናል። የዲቪ ፎቶ መመሪያ ለዓመታት የጠየቀው ጄፔግ ነው፤ ቢያንስ 600 በ600 ፒክስል፣ ክብደቱ ከ240 ኪሎባይት የማይበልጥ። ፎቶ ቤቱ ያስተካከለላችሁን ፎቶ በቴሌግራም ሲልክላችሁ በፋይል እንዲልከው ንገሩት። በፎቶ ከላከው የለካው ልክ እንደገና ይናወጣል።

ሁለተኛው፣ በፋይል የተላከ ፎቶ የተነሳበትን ሰዓትና ካሜራው ከመዘገበው ቦታውን ጭምር ይዞ ይሄዳል። በፎቶ ሲላክ ግን ቴሌግራምም ዋትስአፕም ይህን ያራግፉታል። ለማታውቁት ገዢ የምትሸጡትን ሶፋ በፋይል ስትልኩ የቤታችሁን አድራሻ ጨምራችሁ ልካችሁ ሊሆን ይችላል። ለእንዲህ ያለው ተራ ፎቶ ይበቃል።

ኮፒ ቤት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ህትመቱ ሲያልቅ ቻቱ ውስጥ የላካችሁትን ተጭናችሁ «ለሁለታችንም አጥፋ» በሉት፤ ቴሌግራም ይፈቅዳል። ይህ ግን ኮምፒውተሩ ላይ የወረደውን ፋይል አይነካም። እሱ ዳውንሎድስ ውስጥ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» በሚል ፎልደር ይቀራል። ያን ቀን ልጅቷ የእናቴን ወረቀት ፈልጋ ልታጠፋልኝ ፎልደሩን ስትከፍት አጠገቧ ቆሜ አየሁ። መታወቂያ፣ ፓስፖርት፣ የልደት ካርድ፣ የባንክ ደብተር፣ ወደ ታች ብትስበው ብትስበው አያልቅም። «ይኼን ሁሉ መቼ ነው የምታጠፊው?» አልኳት። «ሜሞሪው ሲሞላ ነዋ፣ ጋሼ» አለችኝ።